ለገሃር በአንድ ችፑድ ላይ

የድሮ መጽሔቶችን "የብዕር ጓደኛ" አምድ የሚያስታውስ ሰው ቅርጹን አይረሳውም። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ከዚያ "የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ"። መልሱ ከአገሪቱ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነበር፤ መጽሐፍ ማንበብ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ፣ ፊልም ማየት። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ተመርቀን የመጀመሪያዋን ሲቪ ስናዘጋጅ "ሆቢ" የምትለው መስመር ላይ ስንደርስ እነዚያኑ ሦስቱን ገልብጠን አለፍን። ውሸት አልነበረም። ግን ሦስቱም ቁጭ ብሎ መቀበል ናቸው፤ ሌላው የጻፈውን፣ ሌላው የዘፈነውን፣ ሌላው የቀረጸውን። እጅ የሚፈልግ ነገር የለባቸውም።

ዛሬ ያችን መስመር እንደገና ብንሞላት የምንጽፈው ሌላ ነው፤ "ምድር ባቡር መሥራት"። ቀጣሪ ይስቅብናል። ይሳቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አራት ጓደኛሞች፣ ሁለት ሴት ሁለት ወንድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንዳችን ወላጆች ግቢ ጀርባ ባለች ሰርቪስ ቤት እንሰበሰባለን። ውስጧ አንድ ሙሉ ችፑድ በእንጨት እግር ላይ ተጋድሟል። ችፑዱ ላይ ሐዲድ አለ፣ ጣቢያ አለ፣ ግራር አለ፣ የስቱኮ አንበሳ አለ (አንበሳው ላይ እንመለሳለን)። አንድ ባቡርም አለ፤ ሲፈልግ ይሄዳል፣ ሳይፈልግ ይቆማል። በዚህ በኩል ከእውነተኛው ብዙም አልተለየም። ይህን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነው፤ "ለማን ነው የምትሠሩት?" ለልጅ ነው ብንል ሁሉም ይረካል። "ለራሳችን" ስንል ዝም ይላል። የግቢው ባለቤት፣ ሁላችንም እማዬ ነው የምንላቸው፣ ቡና ይዘው በመጡ ቁጥር በሩ ላይ ቆም ይሉና "ከዚህስ ልጅ ብትወልዱ ይሻል ነበር" ይሉናል።

በሌላው ዓለም ትልቅ ሰው ባቡር ቢሠራ የሚደነግጥ የለም። የጀርመኑ ማርክሊን በ1859 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆኑ የቆርቆሮ ዕቃዎችን በመሥራት ጀመረ። በ1891 ላይፕዚግ ላይ ባቡሩን ይዞ ሲቀርብ ቁም ነገሩ ባቡሩ ራሱ አልነበረም፤ ለሐዲዱ መደበኛ ስፋት ማውጣቱ ነው። ዘንድሮ የተገዛ ሐዲድ ከከርሞው ጋር ይገጥማል ማለት ነው። እኛ እንደምናየው መጫወቻው ከመጫወቻነት መውጣት የጀመረው ያኔ ነው፤ ልክ ሲወጣለት።

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኤምአይቲ በሚባለው፣ ከ1946 ጀምሮ የባቡር ሞዴል ክለብ አለ። ገሚሶቹ ተማሪዎች ከጠረጴዛው በላይ ቤትና ዛፍ ይሠሩ ነበር፤ ገሚሶቹ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ተኝተው ከስልክ ቤት በተገኙ የተጣሉ ዕቃዎች ሽቦ ይቀጣጥሉ ነበር። ዛሬ የባንክ ሒሳባችን ሲነካ የምንጠራው "ሃከር" የሚለው ቃል በኮምፒዩተር ሰዎች አፍ የገባው በአብዛኛው ከዚያ ጠረጴዛ ሥር ነው። በሐምቡርግ ደግሞ መንትያዎቹ ፍሬደሪክና ጌሪት ብራውን በ2001 የከፈቱት ሚኒያቱር ቩንደርላንድ አለ። ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ዘርግቶ በዓለም ትልቁ የባቡር ሞዴል ነው። ሰው ተሰልፎ፣ ከፍሎ ይገባል።

ይህን የዘረዘርነው "ፈረንጅ ከሠራው እኛም እንሥራው" ለማለት አይደለም። 15 ኪሎ ሜትር የምትለዋን ቁጥር ያዙልን፤ ታስፈልገናለች።

በዚህ ሥራ በጣም የተለመደው ልክ "ኤችኦ" ይባላል፤ 1 ለ87 ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የድሮው ሐዲዳችን በሁለቱ ብረቶች መካከል ስፋቱ 1 ሜትር ነበር (የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው)። ለ87 ሲካፈል አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ይመጣል። ዕድላችን ሆኖ ስዊሶችም ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ የተራራ ባቡሮች ስላሏቸው ለእነሱ ሞዴል ተብሎ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። አጼ ምኒልክ በ1894 የባቡሩን ውል የሰጡት ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ከ130 ዓመት በኋላ እኛም ለስዊስ ባቡር የተሠራ ሐዲድ በዘመድ ሻንጣ ማስመጣታችን ትንሽ አስቆናል።

እንግዲህ ከጂቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ለ87 አካፍሉት፤ 9 ኪሎ ሜትር። ከለገሃር ተነስቶ ሳሪስን የሚያልፍ ርዝመት ነው። ቁመቱ ደግሞ አለ። ጂቡቲ የባሕር ጠረፍ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በሞዴሉ ይህ ወደ 27 ሜትር ይጠጋል፤ የዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ያህል። ያ ሁሉ ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ግድም የለፋበት፣ ከ1897 እስከ 1917 ከበረሃ እስከ ደጋ የተዘረጋ መስመር በሐምቡርጎቹ ሐዲድ ቢለካ ተዘርግቶ ብዙ ይተርፋል። (ሠላሳ አምስት ያልነው ከውሉ ጀምሮ የጣቢያው ሕንፃ በ1929 እስኪያልቅ ያለውን ሁሉ ደምረን ነው፤ ሐዲዱ ብቻውን ሃያ ዓመት ፈጅቷል።) የእኛ ችፑድ ግን 2 ሜትር ከ44 በ1 ሜትር ከ22 ናት። በእውነተኛው ዓለም 212 ሜትር በ106 ሜትር መሆኗ ነው። የለገሃር ጣቢያ ግቢ እንኳን ተዘርግቶ አይገባባትም።

ስለዚህ መቁረጥ ግድ ነው። የሙያው ሰዎች የታወቀ ዘዴ አላቸው፤ በእኛ ቋንቋ መርጦ ማሳጠር እንበለው። ሃያ መስኮት ያለውን ሕንፃ ስምንት መስኮት አድርገህ ትሠራዋለህ፣ ግን ያየው ሁሉ "ይሄማ እሱ ነው" ማለት አለበት። ሃያ ጣቢያ ያለውን መስመር ሦስት ጣቢያ ታደርገዋለህ፣ ግን መስመሩ መታወቅ አለበት። ጋዜጠኝነት ክፍል ውስጥ ዜና ስለ ማሳጠር አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተምረናል። ይህን ያህል ግን አላስጨነቀንም። ዜና ሲቆረጥ የተቆረጠው አይታይም። ችፑድ ላይ ግን የቆረጥከው ጣቢያ ሰው ከሆነ ተወልዶበታል።

አልቀለድንም። ከመካከላችን አንዷ የድሬ ልጅ ናት፤ ከዚራ፣ ከጣቢያው አጠገብ ነው ያደገችው። ለአራት ቅዳሜ ተጨቃጨቅን። ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ድሬዳዋ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ ናዝሬት፣ ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ አቃቂ፤ እነዚህን ሁሉ በወረቀት ጽፈን አንድ በአንድ ሰረዝን። ድሬዳዋን ማንም ሊነካት አልደፈረም። ከተማዋ በ1902 የተቆረቆረችው ሐዲዱ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ከብዶት እግሩ ሥር ስላለፈ ነው፤ ባቡር የወለዳት ከተማ ከባቡር ሞዴል ውጪ ልትሆን አትችልም። አዋሽ ቀረች፣ ገደልና ድልድይ ስላላት። ለገሃር ቀረች። ሌላው ሁሉ ተሰረዘ። ጂቡቲን ደግሞ ባለሙያዎቹ እንደሚያደርጉት ከመጋረጃ ጀርባ አደረግናት፤ ባቡሩ በግድግዳ ቀዳዳ ገብቶ ይጠፋል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ትንሽ ይጠብቃል፣ "ከጂቡቲ" ይመለሳል። ባሕሩን አናየውም። (በዚህ ላይ ብዙ መቀለድ ይቻል ነበር፤ እንለፈው።)

ጊዜውም ያስቸግራል። ርቀት ለ87 ሲካፈል ዝም ብሎ ይካፈላል፣ ሰዓት ግን እምቢ ይላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በእኛ ልክ በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ችፑዷን ከጫፍ ጫፍ በ13 ሰከንድ ይጨርሳል። ሌሊቱን ሙሉ የሚኬደው የድሬ መንገድ ሻይ ሳይቀዳ አለቀ ማለት ነው። ፈረንጆቹ ለዚህ የሚፈጥን ሰዓት ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ የአምስት ደቂቃው ሥራ አንድ ሰዓት ይባልላቸዋል። እኛ ሌላ መፍትሔ አገኘን። ባቡራችን በየመገጣጠሚያው እየቆመ የልባችንን ያህል ያዘገየናል።

ስለ አሠራሩ ትንሽ እንበል፤ ምክንያቱም ደስታው እዚያ ነው። የተሠራ ሞተር ያለው ባቡር ጥቂት መቶ ዩሮ ነው፣ የጀማሪ ጋዜጠኛ የወራት ደመወዝ። ስለዚህ የብረት እግሮቹን ብቻ አስመጥተን ሌላውን ምናለሽ ተራ ፈለግነው። ሞተሩ ከሞተ ዲቪዲ ማጫወቻ ወጣ። ጥርሶቹ ከፕሪንተር። አካሉ ተማሪ ቤት ሳለን ወረቀት ከምንይዝበት የፕላስቲክ ክላሰር። የጣቢያዎቹ ጣሪያ የቢራ ጣሳ ነው፤ ጣሳው ተቀዶ፣ ተስተካክሎ፣ በማበጠሪያ ጥርስ ሲጫን እውነተኛ ቆርቆሮ ይመስላል። ተራራው የካርቶን ቁርጥራጭ፣ በላዩ እርጥብ ጋዜጣ፣ በላዩ ጀሶ። ግራሩ የደረቀ ጦስኝ ነው፤ አናቱን ጠፍጣፋ አድርጎ መቁረጥ ብቻ ነው፣ ሽታውም አብሮ ይመጣል። ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፈው ጠጠር በእማዬ ወንፊት የተነፋ አሸዋ ነው (ወንፊቱን ተክተናል)። አሸዋው በብሩሽ ይስተካከልና ውሃ የተጨመረበት ኮላ በመርፌ ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ኮላው ላዩ ላይ እየተንከባለለ አልገባ ብሎ ሁለት ቅዳሜ አቃጠለን። ምስጢሩ አንድ ጠብታ ላርጎ ነው። ላርጎ ሲጨመርበት ውሃው ወደ አሸዋው ጥልቅ ይላል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው። ይህን ያወቅን ቀን የተሰማንን ደስታ ዲግሪ ስንቀበል አልተሰማንም።

ኤሌክትሪኩም እንዲሁ። በሁለቱ ሐዲዶች 12 ቮልት ይሄዳል፣ ባቡሩ በእግሮቹ ይቀበላል። ቀላል ይመስላል። ግን ኤሌክትሪኩ በየመገጣጠሚያው ትንሽ ትንሽ እየደከመ ድሬዳዋ ሲደርስ ባቡሩ ይንፏቀቃል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ ከሥር የራሱን ሽቦ መበየድ ነው። እኛ ይህን ያወቅነው ሁሉንም በኮላ ካጣበቅን በኋላ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ በሉን። መብራት ሲሄድ ደግሞ የሞተር ሳይክል ባትሪ አለን፤ መንደሩ ሁሉ ጨልሞ ለገሃር ብቻ ታበራለች።

ወንዶቹ ጓደኞቻችን ሽቦ ሲያጥፉ እጃቸው ያውቃል። ልጅ ሳሉ የሽቦ መኪና ሠርተዋል፣ በቆርኪ ጎማ። እኛ ሴቶቹ በዚያ ዕድሜ ዕቃቃ ላይ ነበርን፤ የጭቃ ወጥ እንሠራ ነበር። ማንም ሽቦ አትንኪ አላለንም፤ ብቻ ሽቦው ወደ እኛ አልመጣም። በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያውን ሽቦ መበየድ እጅ ያቃጥላል፣ ግን ይለመዳል። ቅዳሜ ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ቀን መሆኑን ወንዶቹ ከእኛ ነው የሰሙት። አሁን አንዳንድ ቅዳሜ ሐሙስ ማታ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጋሼን እንተዋወቅ።

ጋሼ የሰፈሩ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ ስማቸውን መጻፍ አይፈልጉም፣ እኛም አንጽፍም። እማዬ ቡና ላይ "እስቲ የነዚህን ልጆች እብደት ይዩልን" ብለው አመጧቸው። ገቡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ ጣታቸውን ለገሃር መግቢያ ላይ ወዳለችው የሐዲድ መቀየሪያ አድርገው በፈረንሳይኛ ስሟን ጠሩና "ይቺ ተገልብጣለች" አሉ። "በዚህ ከገባ የሚሄደው ወደ ጋራዡ ግድግዳ ነው።" ልክ ነበሩ። ቀጥሎ "ውሃው የት አለ?" አሉ። ምን ውሃ? "በእንፋሎት ዘመን ያለ ውሃ ጣቢያ የለማ! ታንከሩስ?" ሦስቱም ጣቢያዎቻችን ታንከር አልነበራቸውም። በኢንተርኔት ያየናቸው ፎቶዎች ላይ ሕንፃውን እንጂ ታንከሩን ያነሳ ሰው አልነበረም። አንበሳውን ሲያዩ ግን ሳቁ። "ይሄ በግ ምን ያደርጋል እዚህ?" (የይሁዳ አንበሳ ነው፤ በ1930 ለንግሥ በዓል የቆመው፣ ጣልያን ሮም ወስዶት በ1960ዎቹ የተመለሰው። በ1 ለ87 በስቱኮ ሲሠራ በግ ይሆናል። አራት ጊዜ ሞክረናል።)

ከዚያ አዋሽ ላይ ደረሱ። ከድልድዩ አጠገብ ኩርባ ሠርተናል፣ ሥሩ ገደል። ለምን እዚያ እንደሠራነው እውነቱን እንናገር፤ ለዓይን ደስ ስለሚል ነው። የሞዴል መጽሔት ሁሉ ገደል ያለበት ኩርባ አለው፣ ባቡሩ ሲዞር ሁሉም ፉርጎ አንድ ላይ ይታያል። ጋሼ ኩርባውን አዩና "ይሄ የትኛው ነው?" አሉ። እንዲሁ የሠራነው ነው አልን። "ጥር ሰባ ሰባት" አሉ። ሌላ አልጨመሩም፣ ቡናቸውንም አልጨረሱም።

እኛ ያልተወለድንበት ዘመን ነው። በጥር 1985፣ በእኛ ጥር 1977፣ መንገደኛ የጫነ ባቡር አዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 ሰው በላይ ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ከከፉት አንዱ ነው። አራታችንም በጋዜጠኝነት ትምህርት ያለፍን ወይም አጠገቡ የነበርን ነን፤ ስለ ለገሃር ስንት ጊዜ ጽፈናል፣ አንዳችንም ስለዚህ አደጋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፈን አናውቅም። ለጌጥ ብለን የሠራነው ኩርባ ለእሳቸው ቦታ ነበረው።

በዚያው ሳምንት ኩርባው ይነሳ ወይስ ይቆይ ብለን ተነጋገርን። አንዱ ይነሳ አለ፤ በሰው ሞት ላይ መጫወቻ አይሠራም። ሌላዋ ካነሳነው መርጦ ማሳጠር ሳይሆን መደበቅ ነው አለች። ጋሼን ሄደን ጠየቅናቸው። "ኩርባው ምን አደረገ? ፍጥነቱ ነው እንጂ" አሉን። ስለዚህ ኩርባው አለ። ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ አንድ ሕግ ወጣ፤ እጁ ላይ መቆጣጠሪያ የያዘ ሰው ማንም ይሁን ማን እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል።

ይህ ነገር በዚህ ትርፍ ጊዜ ላይ ያለንን ሐሳብ ቀየረው። የዓለም የባቡር ሞዴል አብዛኛው አንድ በሽታ አለበት፤ ሁሌም ፀሐያማ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሁሉም ቤት ቀለም አዲስ ነው፣ ማንም አይራብም። ለእኛ መስመር ይህ ውሸት ይሆናል። የድሬው ባቡር ላይ ጫት ነበረ፣ ኮንትሮባንድ ነበረ፣ ጨርቁን ከቀሚሷ ሥር ጠምጥማ የምታልፍ ነጋዴ ነበረች፣ ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ ነበረ። በ1977ቱ የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮቹ ፈንድተው መስመሩ ተቆርጧል። ጣሪያ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሰዎችን ከክብሪት እንጨት ሠርተናል። ከአንበሳው በተሻለ ተሳክተውልናል።

አሁን አቋማችንን እንናገር። በዚህ ከተማ ትልቅ ሰው ሞዴል አይሠራም፣ ሞዴል የልጅ ነው የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የማንኛውንም ትልቅ መሥሪያ ቤት መግቢያ እዩ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሕንፃ ሞዴል አለ፤ ትንንሽ መኪና፣ ትንንሽ ዛፍ፣ ከሥሩ አምፖል። ባለሥልጣን ከብቦት ፎቶ ይነሳል፣ ማንም "ለማን ነው የሠራችሁት?" ብሎ አይስቅም። በ2018 የለገሃሩ 36 ሄክታር የልማት ዕቅድ ይፋ ሲሆንም ያየነው የሚያምሩ ፎቆችን ምስል ነው። ያልተሠራውን በትንሹ ለመሥራት ገንዘብም ትዕግሥትም አለን። የነበረውን ግን ማንም በትንሹ አይሠራም። እኛን የሚያበሳጨን ይህ ነው። በ2024 የፒያሳ ሰፈሮች ሲነሱ አይተናል። መነሳታቸው ተገቢ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወውና፣ ከመነሳታቸው በፊት ሜትር ይዞ የሄደ ስንት ሰው ነበር?

መለካት ስንሞክር የገጠመንን እንንገራችሁ። የአንድ ጣቢያ ሕንፃ ፕላን ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። "ደብዳቤ አምጡ" ተባልን። "ከየት መሥሪያ ቤት ናችሁ?" ሲባል አንደኛችን ሳያስበው "ከሰርቪስ ቤት" አለ። በሁለተኛው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ደግ ሠራተኛ ከልቧ አዝና "እሱን የሚያውቁት ሰውዬ ጡረታ ወጥተዋል" አለችን። ፕላኑ የት እንዳለ የሚያውቁት ጡረታ ወጥተዋል። ታንከሩ የት እንደነበረ የሚያውቁት ጡረታ ወጥተዋል። እንደ ጋሼ ያሉት በየሰፈሩ ቡና እየጠጡ ነው፣ የሚጠይቃቸው የለም፣ ዕድሜም አይጠብቅም።

አዲሱን ባቡር መናቃችን አይደለም። በ2016 ተመርቆ ከ2018 ጀምሮ በመደበኛነት የሚሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር ለአገሪቱ ጭነት የሚያደርገውን እናውቃለን። ለቡ ጣቢያ ለመድረስ የታክሲ ጉዞው ራሱ አንድ ጉዞ ነው እንጂ ሌላ ቅሬታ የለንም። የድሮው ግን በ2000ዎቹ መጨረሻ አንዴ ሲሄድ አንዴ ሲቆም፣ መሞቱ ሳይነገር ሞተ። ለቅሶ ያልተቀመጡለት ነው።

የምንለው ቀላል ነው። ለገሃር ላይ ከሚሠራው ሁሉ መካከል አንድ ክፍል ለዚህ ይሰጥ። ሞዴል ሠሪ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ችፑድ፣ ጀሶ፣ ኮላ፣ ላርጎ ይበቃል። ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ የቀሩት የምድር ባቡር ጡረተኞች ይጠሩ፣ አበል ይከፈላቸው (በዚህች አገር አበል ለስንት ነገር ይከፈላል!)፣ ከአጠገባቸው ሜትርና ማስታወሻ የያዙ ተማሪዎች ይቀመጡ። "ይቺ ተገልብጣለች" የሚል ሰው በሕይወት ሳለ ነው ሞዴል የሚሠራው። ሥዕል ሲሳል ግምት ያልፋል፣ ጽሑፍ ላይ ደግሞ "በርካታ" ብሎ መሸሽ ይቻላል። ሞዴል ላይ ግን ታንከሩ በስተቀኝ ነው ወይ በስተግራ? አንዱን መምረጥ አለብህ። የማታውቀውን ሁሉ ያጋልጥሃል። ለጋዜጠኛ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላየንም።

በዚህ ኑሮ ውድነት? አዎ፣ ጥያቄው ይገባናል፤ ከእማዬም ሰምተነዋል። ከሐዲዱ በቀር እስካሁን ያወጣነው ቅዳሜ ካፌ ተቀምጠን ከምናወጣው ያንሳል። ውዱ ገንዘቡ ሳይሆን ጊዜው ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ትራንስፖርት ተሰልፎ ማታ ቤቱ ለሚገባ ሰው "ሆቢ ይኑርህ" ማለት ስድብ መሆኑን እናውቃለን። እኛም ሥራ ስናገኝ ስንቱን ቅዳሜ እንደምናጣው አናውቅም። እስከዚያው ግን እንዲህ ነን።

ጋሼ አሁን በየሁለት ሳምንቱ ይመጣሉ። የራሳቸውን ወንበር አምጥተዋል። ባለፈው የእንግዳ ማረፊያውን፣ የአዋሹን ታዋቂ ቡፌ፣ ስንሠራ በረንዳው ስንት ምሰሶ እንደነበረው ከእሳቸውና ከድሬዋ ልጅ አባት ጋር በስልክ ተከራክረው ሳይስማሙ ቀሩ። ስለዚህ እርዱን። በአዋሽ፣ በድሬዳዋ ወይም በለገሃር ጣቢያ ፊት የተነሳችሁት የሠርግ፣ የሽኝት ወይም የትምህርት ቤት ጉዞ ፎቶ በቤታችሁ ካለ ከአልበሙ አውጡት። የፊታችሁን ሳይሆን ከጀርባችሁ ያለውን ነው የምንፈልገው። ሙሽሪት ከምሰሶው ፊት ባትቆም ይመረጣል።

ቸር እንሰንብት።